ካምቢዮውን ከማውረዳችሁ በፊት፦ ሞተሩ ወይም ጎማው በተቀየረ መኪና ላይ የፍሪሲዮንና የማርሽ ችግር አፈላለግ

ማርሽ አልገባ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። ክሪክ ይገባል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ተፈትቶ ይታያል፣ "ደህና ነው" ተብሎ ተመልሶ ይገጠማል፤ ማርሹ ግን አሁንም አልገባም ይላል። በመጨረሻ ጥፋተኛዋ ፔዳሉ ሥር ያለች አንዲት የታኘከች ጎሚኒ (ትንሽ ጎማ) ሆና ትገኛለች።

አዳማ ላይ ከሚንቀሳቀሱት መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ እንደወጡ አይደሉም። 2ኤል ሞተሩ ወርዶ 5ኤል ሞተር የገባለት የቶዮታ ሃይሉክስና ሃይስ አለ፤ ሰፋ ያለ ጎማ የተገጠመለት፣ ለጭነት ባሌስትራ የተጨመረለት፣ ከሌላ ሞዴል የመጣ ካምቢዮ የተሸከመም አለ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አንድ ነገር "ተበላሸ" ከማለት በፊት ከጎረቤቱ ጋር መስማማቱን ማየት ይቀድማል። ለፍሪሲዮኑ (ሞተሩንና ካምቢዮውን ለሚያገናኘውና ለሚለያየው ክፍል) አዲስ ዲስክ፣ አዲስ ፕሬዠር ፕሌት (ዲስኩን የሚጫነው ሳህን)፣ አዲስ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ተገዝቶ ሦስቱም ደህና ሆነው አብረው ግን ላይሠሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ከመፍቻ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሞተሩ ምንድነው? ካምቢዮው የዚያው ሞተር ነው ወይስ የሌላ? ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ከየትኛው ጋር መጣ? የላይኛውና የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ (አንዱ ፔዳሉ ጋ፣ ሌላው ካምቢዮው ጋ ያለው) ከየትኛው መኪና ናቸው? ጎማው ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ? ችግሩ የጀመረው የትኛው ሥራ ከተሠራ በኋላ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። (ሞተር ሲቀየር በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም መስተካከል እንዳለበት አትርሱ፤ ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ መጠየቁ አይቀርም።)

ሳይፈታ የሚደረግ ምርመራ

ሦስት ነገሮችን መለየት ነው የሚፈለገው፦ ፍሪሲዮኑ አልያዘም፣ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም፣ ወይስ ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው?

ሞተሩን አጥፉና ማርሾቹን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ፣ ከዚያም የኋላውን አስገቡ። ሁሉም በቀላሉ ከገቡ ሞተሩን አስነሡና ድገሙት። ጠፍቶ ሳለ የሚገባ፣ ተነሥቶ ሳለ የማይገባ ከሆነ ካምቢዮውን ተዉት፤ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። ጠፍቶም ሳለ የሚያስቸግር ከሆነ የማርሽ ዘንጉን፣ ካቦዎቹንና ማያያዣዎቹን፣ ከዚያም ካምቢዮውን ጠርጥሩ።

ሁለተኛው የኋላ ማርሽ ሙከራ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ሲዞር፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለል ርገጡና እስከ አምስት ቁጠሩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ የኋላውን አስገቡ። ብዙ ካምቢዮዎች ላይ የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሹ በዝምታ እንዲገባ ፍጥነት የሚያስተካክለው ክፍል) ስለሌለው አይዋሽም። ከአምስት ሰከንድ በኋላም "ክርርር" ካለ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ (ከዲስኩ ጋር የሚዞረው) መዞሩን አላቆመም፤ ዲስኩ በከፊል ተይዟል።

ሦስተኛው የመንሸራተት ሙከራ ነው። ሜዳ ላይ፣ ከፊት ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬኑን ይዛችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ሞተሩን ወደ 2,000 ዙር አምጡና የእግር ፍሬኑን እንደያዛችሁ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል። ሞተሩ ለአንድ ሁለት ሰከንድ መዞሩን ከቀጠለ ይንሸራተታል። አንድ ጊዜ ይበቃል። ይህን ደጋግሞ መሞከር በራሱ ፍሪሲዮን ያቃጥላል።

መንገድ ላይ ለመሞከር ደግሞ የአሰላ መንገድ የተመቸ ነው። አዋሽን ተሻግራችሁ ዴራን ካለፋችሁ በኋላ ወደ ኢተያ ሽቅቡ ይጀምራል። በአራተኛ ማርሽ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስጡት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ባለበት ከቆመ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የተቃጠለ ሸራ (በዲስኩ ገጾች ላይ ያለው የሚይዘው ንብርብር) ሽታ ካሸተታችሁ ወዲያው ነዳጅ ቀንሱ።

ሲንሸራተት

"ዲስኩ አልቋል" ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገሮችን አስወግዱ።

አንደኛው የፔዳሉ ነፃ እንቅስቃሴ ነው። በጣት ስትጫኑት ተቃውሞ ሳያሳይ የሚሄደው ርቀት በብዙ ቶዮታ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ከሌላ መኪና የመጣ የላይኛው ፓምፕ ሲገጠም ገፊው ዘንግ ይረዝምና ይህ ክፍተት ይጠፋል። ያኔ ፒስተኑ ወደ ቦታው ሙሉ ለሙሉ አይመለስም፣ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው የምትመልሰው ትንሿ ቀዳዳ ተዘግታ ትቀራለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ መስመሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይለጠጥና ማንም ሳይረግጠው ፍሪሲዮኑን ይጫነዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጠዋት ደህና፣ እኩለ ቀን ላይ መንሸራተት። መኪናው እንደሞቀ የታችኛውን ፓምፕ የአየር ማስወጫ ቡሎን ትንሽ ፍቱ። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ መንሸራተቱ ከቆመ ዲስኩን አትንኩ፤ የገፊውን ዘንግ አሳጥሩና በፔዳሉ ጫፍ ላይ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ስጡት። ካቦ ያለው ፍሪሲዮን ላይም ያው ነው፤ ካቦው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ይሆናል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። በካምቢዮውና በሞተሩ መጋጠሚያ ታች በኩል ጣታችሁን አሳልፉ። ጥቁርና ቀጠን ያለ ከሆነ ከሞተሩ የኋላ ፓራውሊ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ነው። ወፈር ያለና የሰልፈር ሽታ ያለው፣ ከእጅ በቀላሉ የማይለቅ ከሆነ የካምቢዮው የፊት ፓራውሊ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም። በቤንዚን አጥበውት ለሳምንት ያህል የሚሻለው ይመስላል፣ ከዚያ ሙቀት ሲያገኝ ዘይቱ ከውስጥ ይወጣል። ፓራውሊውም ዲስኩም አንድ ላይ ይቀየራሉ።

ሁለቱም ከሌሉ ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ አቅም በታች ሊሆን ይችላል። የተቀየረ መኪና ዋናው በሽታ ይህ ነው፣ ስለዚህ ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። ፍሪሲዮን የሚሸከመው የማዞር ኃይል የሚገኘው የሸራው የመያዝ አቅም፣ የፕሬዠር ፕሌቱ ግፊት፣ የሸራው አማካይ ራዲየስና 2 (ሁለት ገጽ ስላለው) ሲባዙ ነው። ለምሳሌ የሸራው አቅም 0.3፣ ግፊቱ 4,000 ኒውተን፣ የዲስኩ ውጫዊ ስፋት 200 ውስጣዊው 140 ሚሊ ሜትር ቢሆን አማካይ ራዲየሱ 85 ሚሊ ሜትር ነው፦ 0.3 × 4,000 × 0.085 × 2 = 204 ኒውተን ሜትር። ዲስኩን ወደ 224 ሚሊ ሜትር (ውስጡ 150) ብታሳድጉት በዚያው ግፊት ወደ 224 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። የጨመረው አሥር በመቶ ብቻ ነው። ግፊቱን በሩብ ብታሳድጉት ግን በ200 ዲስክ እንኳ 255 ይሆናል። ስለዚህ ዲስክ ብቻ ቀይሮ ያረጀ ፕሬዠር ፕሌት መመለስ ገንዘብ መጣል ነው፤ ሞላው በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ከሆነ በተለይ። ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌት ደግሞ ፔዳሉን ያከብደዋል፣ የታችኛውን ፓምፕና ሹካውን (የፍሪሲዮን ኩሽኔታውን የሚገፋውን) ያደክማል፤ እሱን ቀጥለን እናየዋለን።

2ኤል 2,446 ሲሲ፣ 5ኤል 2,986 ሲሲ መሆናቸውን ያስታወሰ ሰው የድሮውን ፍሪሲዮን ለአዲሱ ሞተር አይመልስም። ግን ሞተር ሳይቀየርም ጎማ ብቻ ተቀይሮ ያው ችግር ይመጣል። 205/70 አር 15 ጎማ ቁመቱ 668 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 265/70 አር 16 ደግሞ 777። ልዩነቱ 16 በመቶ ነው። 4.1 የነበረው የዲፈረንሻል ጥርስ ምጣኔ እንደ 3.5 ይሆናል ማለት ነው፣ አንደኛ ማርሽ "ረጅም" ይሆናል፣ ለመነሣት ፍሪሲዮኑ ረዘም ላለ ጊዜ መንሸራተት አለበት። ጭነት ይዞ ሽቅብ ላይ በየመነሻው እንዲህ ከሆነ ማንኛውም ሸራ አይዘልቅም። መፍትሔው ሦስተኛ ፍሪሲዮን መግዛት አይደለም፣ ጎማውን መመለስ ወይም ዲፈረንሻሉን ወደ 4.556 ወይም 4.875 መቀየር ነው፤ ሁለቱም በቶዮታ የሚገኙ ምጣኔዎች ናቸው።

ሳይለቅ ሲቀር

ማርሽ አስቸግሮ ሲገባ፣ የኋላ ማርሽ ሲጮህ፣ ቀይ መብራት ላይ ረግጣችሁ ሳለ መኪናው ወደ ፊት ሲሳብ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም። በተቀየሩ መኪኖች ላይ ከመንሸራተት ይልቅ ይኼኛው ሰውን ያስቸግራል፣ ምክንያቱ የሚደበቅበት ቦታ ብዙ ነውና።

ከፔዳሉ ጀምሩ። አንድ ሰው ቀስ እያለ ሲረግጥ ሌላው ቦኔቱን ከፍቶ የላይኛው ፓምፕ የታሰረበትን ላሜራ ይመልከት። ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌት በገባበት መኪና ላይ ላሜራው ራሱ ሲለመጥ በዓይን ይታያል። በላሜራው መለመጥ የጠፋው ርቀት ሹካው ጋ አይደርስም። ላሜራው በውስጥ በኩል መደገፊያ ብረት ይፈልጋል። እዚያው እያላችሁ ፔዳሉ የታሰረባት ስፒና አልቃ ቀዳዳዋ ሞላላ ሆኖ እንደሆነ እዩ።

ቀጥሎ ፓምፖቹ። የታችኛውን ፓምፕ አቧራ መከላከያ ጎማ በካቻቢቴ ገለጥ አድርጉ፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ጎሚኒው አልቋል። የላይኛው የሚያፈሰው ወደ መኪናው ውስጥ ነው፣ ከፔዳሉ ዘንግ ጋር ተያይዞ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል። ምንም ፍሳሽ ሳይታይ ፔዳሉ ተረግጦ እንደተያዘ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ ዘይቱ በላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ በኩል ወደ ኋላ እያመለጠ ነው። ያው ፔዳል ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመታ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ አየር አለ።

አየር ለማስወጣት ግማሽ ሊትር አዲስ የፍሬን ዘይት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦና ጠርሙስ ይበቃል። ቱቦውን በማስወጫው ቡሎን ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ዘይት ውስጥ ንከሩት። ረዳቱ ይረግጣል፣ እንደያዘ ትፈታላችሁ፣ ዘይቱ ሲወጣ ታጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ብቻ ፔዳሉን ይለቃል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ፣ ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን እየሞላችሁ። አረፋው ካላቆመ የፓምፑን አቀማመጥ ተመልከቱ። ካምቢዮ ሲቀየር የታችኛው ፓምፕ ተገልብጦ ወይም አጋድሎ ይገጠምና ማስወጫው ከፓምፑ ከፍታ በታች ይውላል፤ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ቀኑን ሙሉ ብትረግጡ አይወጣም። ፓምፑን ከነቱቦው ፍቱት፣ ፒስተኑ እንዳይወጣ በእጅ ጨብጣችሁ ማስወጫውን ወደ ሰማይ አዙሩ፣ እንደዚያ እንዳለ አስወጡ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፣ የነካውን ቦታ በውኃ እጠቡ። የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ በጭራሽ አታስገቡ፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል።

ከሙቀት ጋር የሚመጣና የሚሄድ ችግር ሌላ ነው። ሞተር ሲቀየር ኮሌቶሬው (የጭስ መሰብሰቢያው) እና የጭስ ቱቦው ከታችኛው ፓምፕ ጋር ሊቀራረቡ ይችላሉ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ሲሆን 230 እና 155 ነው። የአዳማ ቀትር፣ ጭነትና ሽቅብ ሲደመሩ ያረጀው ዘይት ቱቦው ውስጥ ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ላይ ይቀራል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱ ይመለሳል። መካኒኩ ሲያየው ደህና ነው። መከላከያ ላሜራ በጭስ ቱቦውና በፓምፑ መካከል አድርጉ፣ ዘይቱን በዶት 4 ቀይሩ።

አሁን የፓምፖቹ መጠን። የታችኛው ፓምፕ ገፊ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስነው የሁለቱ ስፋት ነው። የላይኛው 15.87 ሚሊ ሜትር ሆኖ 30 ሚሊ ሜትር ቢሄድ፣ የታችኛው 19.05 ከሆነ ገፊው 20.8 ሚሊ ሜትር ይገፋል። የታችኛው 20.64 ከሆነ 17.7 ብቻ። ሦስት ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፣ ሹካው ላይ ግን በመለቀቅና ባለመለቀቅ መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው። "ልኩ ገጥሟል" ማለት ቡሎኑ ገጥሟል ማለት ብቻ ነው፤ በፓምፑ አካል ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፣ ካልታየ በካሊብሮ (በሚሊ ሜትር መለኪያው መሣሪያ) ለኩ።

በቁጥር ማወቅ ለሚፈልግ የቶዮታ አለካክ ጥሩ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ፔዳሉን ሳትረግጡ የማርሽ ዘንጉን በጣም በቀስታ ወደ ኋላ ማርሽ ግፉት፣ ጥርሶቹ ተነካክተው መጮህ እስኪጀምሩ ብቻ። ከዚያ ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ ርገጡ። ጩኸቱ ካቆመበት ቦታ እስከ ወለሉ መጨረሻ የቀረው ርቀት 25 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። 10 ብቻ ከቀረ ዛሬ ይለቃል፣ ሲሞቅ አይለቅም።

ከውጭ ያለው ሁሉ ደህና ሆኖ አልለቅም ካለ ነገሩ ውስጥ ነው፦ ዲስኩ ተገልብጦ ተገጥሟል፣ የዲስኩ መሃል የቮላኖውን ቡሎኖች ይነካል፣ የቮላኖው መሃል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ነክሳለች፣ ወይም ቮላኖው ቶርኖ ቤት ገብቶ ከመጠን በላይ ተላጭቷል።

ሲንቀጠቀጥ

ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ መኪና በአብዛኛው ሸራው ዘይት ነክቶታል፣ ቮላኖው ሰማያዊ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ አለዚያ የሞተሩ ሱፖርት (ሞተሩ የሚያርፍበት መደገፊያ) ተቀድዷል። በብየዳ የተሠራ ሱፖርት ያለው ሞተር ላይ መጀመሪያ ሱፖርቱን እዩ። መንቀጥቀጡ በመነሻ ብቻ ሳይሆን በ60 እና በ80 ላይም ካለ ፍሪሲዮኑን ተዉት፤ ባሌስትራ ሲጨመር የካርዳን ዘንጉ (ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ የሚያገናኘው) ዝንባሌ ተቀይሯል፣ ክሮቼራዎቹን (የካርዳኑን መስቀል መጋጠሚያዎች) ፈትሹ፣ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዝንባሌ ትይዩ መሆኑን ለኩ።

ድምፅ ሲሰማ

ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ አዳምጡ። ፔዳሉን ሳትረግጡ የሚያጉረመርምና ስትረግጡ የሚጠፋ ከሆነ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ስትረግጡ የሚጀምር ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ማርሽ አስገብታችሁ እስከ ወለል ረግጣችሁ ሳለ ብቻ የሚጮኸው የቮላኖው ኩሽኔታ ነው፤ ያኔ ነው ቮላኖውና የመግቢያው ዘንግ በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩት።

በጉዞ ላይ በአንድ ማርሽ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ በሚሄድባቸው መኪኖች፣ እንደ ሃይሉክስና ሃይስ ባሉት፣ አንድ ጥሩ ምልክት አለ፦ በሁሉም ማርሽ ጮኾ አራተኛ ላይ ዝም የሚል ከሆነ በካምቢዮው ውስጥ ያለው የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎች አልቀዋል። አራተኛ ማርሽ ቀጥታ ስለሆነ የታችኛው ዘንግ ይዞራል እንጂ ጭነት አይሸከምም።

ካምቢዮው ራሱ ሲሆን

እዚህ ከደረሳችሁ መጀመሪያ ዘይቱ። የመሙያውን ቡሎን ከማፍሰሻው በፊት ፍቱ፤ የመሙያው አልፈታ ብሎ ዘይቱ ግን ፈስሶ መንገድ ላይ መቅረት የተለመደ ስህተት ነው። ዘይቱን በንጹሕ ሳህን ተቀበሉና ፀሐይ ላይ አሳዩት። በማፍሰሻው ማግኔት ላይ ያለ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ የተለመደ ነው። ወርቃማ ብናኝ ካያችሁ የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች እያለቁ ነው። ጥፍር የሚያህል የብረት ቁራጭ ካገኛችሁ የጥርስ ነው፣ ከዚያ በኋላ መንዳት አያስፈልግም።

የዘይቱ ዓይነት ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው። ካምቢዮ ላይ ውፍረቱ 75ደብሊው-90፣ ደረጃው ጂኤል-4 የሆነ ዘይት አስተማማኙ ምርጫ ነው። የካምቢዮው መመሪያ ካልፈቀደ ለዲፈረንሻል የተገዛውን ጂኤል-5 "ተርፏል" ብላችሁ አትጨምሩ፤ አንዳንዱ የነሐስ ቀለበቶችን ይበላል፣ ቀለበቶቹም ለመያዝ የሚያስፈልጋቸውን ሰበቃ ይቀንሳል። ወፍራም 140 ዘይት ድምፅ ይሸፍናል፣ ጠዋት ላይ ሁለተኛ ማርሽ እንዳይገባም ያደርጋል። ደረጃው እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ነው፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ። ለምሳሌ የቶዮታ ኮሮላ ሲ50 ካምቢዮ 1.9 ሊትር ይይዛል።

ማርሽ የሚተፋ (የገባው ማርሽ በራሱ የሚወጣ) ከሆነ ከመፍታታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ካምቢዮ ሲቀየር የወለሉ ቀዳዳ ለዘንጉ በትክክል አልተቆረጠም ይሆናል፤ የማርሽ ዘንጉ ወለሉን ወይም መሸፈኛ ጎማውን እየነካ ማርሹ እስከ መጨረሻ አይገባም። መሸፈኛ ጎማውን ገልጣችሁ በየማርሹ በዘንጉና በላሜራው መካከል ጣት ማስገባት መቻል አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትለቁ ዘንጉ በግልጽ የሚወዛወዝ ከሆነ የሞተር ወይም የካምቢዮ ሱፖርት ነው። ሦስተኛ፣ የካቦዎቹ ማስተካከያ። እነዚህ ደህና ሆነው በ40 ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ አንድ ማርሽ ብቻ የሚወጣ ከሆነ የውስጥ ሹካው ወይም የመያዣ ሞላው አልቋል፣ አለዚያ የማርሹ የመያዣ ጥርሶች ክብ ሆነዋል።

አንድ ማርሽ ብቻ እየጮኸ የሚገባ ከሆነ ሁለት ጊዜ ረግጣችሁ አስገቡት፤ ረግጦ ዜሮ፣ ለቆ ትንሽ ነዳጅ፣ ረግጦ ማርሽ። እንዲህ ሲደረግ በዝምታ ከገባ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር አልቋል። ሁሉም የሚጮኹ ከሆነ ወደ "ሳይለቅ ሲቀር" ተመለሱ።

ሲወርድ የሚለካው

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ መኪናውን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፉ፣ የካርዳኑን መጋጠሚያ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ሞተሩን ከሥሩ በእንጨት ደግፉ። ካምቢዮውን ስታወጡም ስታስገቡም ክብደቱ በመግቢያው ዘንግ ዲስኩ ላይ እንዳይንጠለጠል፤ የዲስኩ መሃል የሚጣመመው እንዲህ ነው፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ዲስክም አይለቅም። የሸራውን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉ፣ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ።

ከዚያ ካሊብሮ። በቶዮታ መለኪያ የሪቬቶቹ ጥልቀት ከሸራው ገጽ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ዲስኩ አልቋል። ዲስኩ ሲዞር የሚወላገደው ከ0.8 መብለጥ የለበትም። የፕሬዠር ፕሌቱ ሞላ ጣቶች የተበሉበት ጥልቀት 0.6፣ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ድረስ ይፈቀዳል፤ የጣቶቹ ከፍታ ልዩነት እስከ 0.5። ቮላኖው ሲዞር ዲያል ጌጅ (መወላገድን የሚለካ ባለመርፌ መለኪያ) ከ0.1 በላይ ካሳየ ወደ ቶርኖ ይሄዳል።

ቮላኖውን ቶርኖ ቤት ስትልኩ አብራችሁት ሂዱ። ቮላኖው ጠርዝ ያለው ዓይነት ከሆነ ዲስኩ የሚያርፍበትና ፕሬዠር ፕሌቱ የሚታሰርበት ገጽ እኩል መላጨት አለባቸው። የዲስኩ ገጽ ብቻ ከተላጨ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የመታሰሪያው ገጽ ብቻ ከተላጨ ለመልቀቅ ያስቸግራል። ሁለቱም እኩል ቢላጩ እንኳ ሁሉም ነገር ወደ ሞተሩ ጠጋ ይላል፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ይርቃል። የተላጨውን ያህል ሮንዴላ በሹካው መደገፊያ ኳስ ሥር ጨምሩ። ሹካው በትክክል ተቀምጧል የሚባለው በጉዞው መሃል ላይ ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠራ ነው።

አዲሱን ዲስክ ከመግጠማችሁ በፊት በመግቢያው ዘንግ ላይ በእጅ አንሸራትቱት፤ ብዙ ቶዮታ 21 ጥርስ አለው፣ ሌላ ሞዴል ግን ሊለይ ስለሚችል ቁጠሩ። ከዚያ ቮላኖው ላይ አስቀምጡና በእጅ አዙሩት፣ መሃሉ የቮላኖውን ቡሎኖች እንዳይነካ አዳምጡ። ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ካምቢዮን ሁለተኛ ጊዜ ከማውረድ ታድናለች።

በመካከል የተሠራ ማገናኛ ሳህን ካለ የሞተሩና የካምቢዮው መሃል መገጠሙን ለኩ። ዲያል ጌጁን ቮላኖው ላይ አስራችሁ የካምቢዮ ቤቱን የመሃል ቀዳዳ ዙሩት፤ ሙሉ ዙሩ ከ0.25 ሚሊ ሜትር በላይ ካሳየ መሃሉ ከ0.13 በላይ ስቷል። የመሃል ስፒናዎች ከሌሉ ይሠሩ። ቡሎን መሃል አይጠብቅም፤ ስፒናዎቹ የሌሉት ካምቢዮ ኩሽኔታ እየበላ፣ ዲስክ እየሰነጠቀ ይኖራል።

ሲገጠም፣ የአዲሱን ፕሬዠር ፕሌት የዝገት መከላከያ ቅባት በፍሬን ማጽጃ ጥረጉ። የመግቢያው ዘንግ ጥርሶች ላይ ቅባት እንደ ፊልም ስስ አድርጉ፣ ትርፉን ጥረጉ፤ ትርፉ ተወርውሮ ሸራው ላይ ነው የሚያርፈው። ዲስኩን በአሮጌ የመግቢያ ዘንግ መሃል አስይዙት። የፕሬዠር ፕሌቱን 8 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች ተሻጋሪ በሆነ ቅደም ተከተል፣ በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር እያጠበቃችሁ በመጨረሻ 19 ኒውተን ሜትር አድርሷቸው። የሹካው መስኮት ጎማ ከጠፋ አዲስ አስገቡ፤ የአዳማ አቧራ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል።

ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ላይ በፍሪሲዮን አትቁሙ፣ ከባድ ጭነት አትጫኑ። ከዚያ የካምቢዮና የሱፖርት ቡሎኖችን እንደገና አጥብቁ፣ ፔዳሉ የሚለቅበትን ርቀት ለኩና ከመጀመሪያው ቀን ቁጥር ጋር በዚያችው ወረቀት ላይ ጻፉት።